ይቅርብኝ የሚሉት ውሻ

የይቅርብኝ ስኳር የታወቀው ሊፍት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውጭ ሳይወጣ ጠብ አድርጎ የማያውቅ ጨዋ ውሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ አራተኛውና በአሥራ ሦስተኛው ፎቅ መካከል እግሩን እንኳ ሳያነሳ ለቀቀው። ሊፍቱ ቀጥ አለ። ወለሉ ሽንቱን መረመረና ያገኘውን ለሚመለከተው አስተላለፈ። በሩ ምድር ቤት ላይ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ፊደል «ስኳር» የሚል ቃል ተጽፎ እሱንና ጌታውን ጠበቃቸው። ከሥሩ አነስ ባለ ጽሑፍ «ሰባት ቀን» ይላል፤ በሰባት ቀን ውስጥ መምረጫ ከሚባለው አዳራሽ ሄዶ ለውሻው የሕክምና ዕቃ ይመረጥለት ማለት ነው።

የውሻው ጌታ አቶ ናሆም ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በጉልምስናው ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ከእሱ በኋላ ያን ሥራ የሠራ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ውሻው ከወትሮው ሦስት እጥፍ ውሃ ሲጠጣ አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ያውቅ ነበር። እየበላ መክሳቱንም አይቷል፤ ዓይኑ ላይ እንደ ስስ ጭስ ያለ ነገር ጣል ማለቱንም አይቷል። እናቱም የሞተችው በዚሁ በሽታ ስለሆነ ምልክቱን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ግን አይቶ እንዳላየ ሆኖ አንድ ወር ሙሉ አለፈው።

ይህን ያደረገው ከስንፍና አይደለም። ስኳር የያዛቸው ውሾች ምን እንደሚሆኑ በየማለዳው ስለሚያይ ነው።

የካ አባዶ በሚገኘው ሕንጻቸው ውስጥ አርባ ሦስት ውሾች አሉ። ከይቅርብኝ በስተቀር ሁሉም ቀድመው ስኳር ይዟቸዋል። ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ አንዱ ከማከፋፈያው የሚወርደውን ምግብ ያማል፣ ሌላው መሬት ሳይረግጡ መኖራቸውን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ አርባ ሁለቱም ካሉበት ይነሳሉ። ፊታቸውን ወደሚቀርባቸው ግድግዳ አዙረው፣ አንድ «አባታችን ሆይ» ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ያህል ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ማሰሪያ መርፌውን የሚሰካው ያኔ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይም እንዲሁ ነው። ሰዓቱ ደረጃ ላይ የደረሰበት ውሻ ደረጃው ላይ ይቆማል፣ ሰዎችም ዘለውት ያልፋሉ። ዕቃውን የሚያድለው ድርጅት «የጤና ማሰሪያ» ይለዋል። ሰፈርተኛው ግን «ልጓም» ብሎታል፤ መርፌው ከኢንሱሊኑ ጋር የሚያረጋጋ ነገርም ስላለበት ነው፣ የተረጋጋ ውሻ ስኳሩም ይረጋጋል ተብሎ። ድሮ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል ነበር። እነዚህ ይበላሉ እንጂ አይጮኹም።

ናሆም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርፌውን በገዛ እጁ እየወጋው፣ ውሻው እንደ ውሻ እየጮኸ እንዲያረጅለት።

አሁን ስለ ስሙ እንናገር፤ ያለ ስሙ ይህ ታሪክ አይሆንም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ናሆም ጣሪያው ላይ ጎመን የሚተክልባት አንድ ክንድ ቦታ ጠይቆ ነበር። የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረችው ጎረቤቱ እትዬ ሀሴት ቦታውን ለገዛ ምራቷ ሰጠችውና ለእሱ ሊፍት ሞተሩ ሥር ያለችውን ጨለማ ጥግ አሳየችው። «ይቅርብኝ» ብሎ ሄደ። በወሩ አንድ ቡናማ ቡችላ አመጣና ይህንኑ ቃል ስም አድርጎ አወጣለት። የውሻ ስም ምን ጊዜም ለጎረቤት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጠዋት ማታ በሀሴት በር ላይ «ይቅርብኝ! ና፣ ይቅርብኝ!» እያለ ይጣራ ጀመር። ሀሴትም የዋዛ አይደለችም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከእሷም ቤት አንድ ነጭ ቡችላ ብቅ አለ፤ ስሙ «ማን ለመነህ» ነው። ሕንጻው በሳቅ ሞተ። አንዱ ኮሪደር ላይ «ይቅርብኝ» ሲል ሌላዋ በሯን ከፍታ «ማን ለመነህ!» ትላለች። መጀመሪያ ውሾቹ ታረቁ፣ ቀጥሎ ጌቶቻቸው። የናሆም ሚስት ስትሞት እስከ ሠልስቱ ድረስ ወጥ የሠራችው ሀሴት ናት።

ያን ማክሰኞ ሀሴት በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጻፉብህ አሉ።»

«ጻፉብኝ።»

«ልጓሙን ውሰድና ተገላገል። የኔው ይኸውና ካደረገው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስኳሩ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«እሱ ራሱስ ንቅንቅ ብሎ ያውቃል?»

ሀሴት ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች። ነጩ ውሻ ከኋላዋ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፤ ጸጉሩ ያበራል፣ ጥርሱ ንጹሕ ነው። ይቅርብኝ ገብቶ ጆሮውን ላሰው፤ እሱ ግን አልዞረም። ስሙም ድሮ ቀርቷል፤ በጠራችው ቁጥር «ማን ለመነህ» የሚለው አቤቱታ ተብሎ እየተመዘገበ ምርመራ ሲከፈትበት፣ ሀሴት በሦስተኛው ምርመራ ሰለቻትና «ቡቺ» አለችው። ውሻው ግን በሁለቱም ስም ቢጠሩት አይነሳም።

«ድምፁን ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንዴ እንኳ። ደህና ነው፣ ምንም አልጎደለበትም፤ ግን ቤቴ ውስጥ ያለው ዕቃ ነው ወይስ ውሻ ነው እላለሁ አንዳንዴ።» ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ቁጣዋ ተመለሰች። «የአንተን ስም ግን ለውጠው። መምረጫው ውስጥ ያን ስም ብትጠራ አለቀልህ።»

እውነቷን ነው። የሰው እሺታና እምቢታ የሚመዘገብበት ሕግ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ያመጣውም መግደርደር ነው። የሀገሬው ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ «አይ ይቅር» ይላል፣ ቀጥሎ «ኧረ በቃኝ» ይላል፣ «በሞቴ» ሲባል ይበላል። በየአዳራሹ፣ በየበሩና በየሠራተኛው ደረት ላይ ሆኖ የሰውን ቃል የሚመዘግበው መሣሪያ «ሰሚ» ይባላል። ሰሚው በመጣ ሰሞን ይህን ጠባይ ስላላወቀ «አይ» ያለውን ሁሉ እየሰረዘ ስንቱን ሰው ከሚፈልገው ነገር አስቀረው። ስለዚህ ሁለት ቃል ብቻ እንዲቆጠር ተወሰነ። የተቀበለ «ይሁን» ይላል። ያልተቀበለ «ይቅርብኝ» ይላል፣ ያውም ሦስት ጊዜ፤ አንደኛው ጨዋነት፣ ሁለተኛው ይሉኝታ፣ ሦስተኛው እውነት ነው ተብሎ። «እምቢ» እና «አልፈልግም» እንደ መግደርደር ይታለፋሉ። ዝም ያለ ደግሞ እሺ እንዳለ ይቆጠራል። ድሮ ሰው ሰሚ አጣሁ እያለ ያማርር ነበር፤ አሁን ሰሚ በሽ ነው።

«አልለውጥም» አለ ናሆም። «ዓይኑ እየጠፋ ነው። የሚይዘው መንገድ ድምፄ ብቻ ነው። ስሙንም ላጥፋበት?»

«እንግዲያስ እዚያ ስትገባ አፍህን ያዝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ውሻውን ይዘው ወደ መምረጫው አዳራሽ ሄዱ። አዳራሹ ሰፊ፣ ነጭና ሽታ የሌለው ነው። ናሆም ይህን ያስተዋለው ይቅርብኝ አፍንጫውን መሬት ለመሬት ሲጎትት ቆይቶ ግራ በመጋባት ቀና ብሎ ስላየው ነው። የተቀበለቻቸው ብሌን የምትባል በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ሰሚዋ እንደ ትንሽ ሰማያዊ አዝራር ያበራል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ስሙስ?»

ናሆምና ሀሴት ተያዩ።

«ልጄ እለዋለሁ» አለ ናሆም።

ብሌን ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየመራች አሳየቻቸው። ጆሮ ላይ ተለጥፎ የደሙን ስኳር በየአምስት ደቂቃው የሚናገር ተለጣፊ አለ። ውሻው የተፈቀደለትን ያህል ከበላ በኋላ ራሱን የሚዘጋ ሳህን አለ። ጣዕም የሌለው ምግብ አለ፤ ጣዕም ካለው ይጨምራል፣ ከጨመረ ስኳሩ ይወጣል ይላሉ። የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስንለት ምንጣፍ አለ። ከሁሉም በላይ፣ በመሃሉ ብርሃን ውስጥ፣ ልጓሙ በዘጠኝ ቀለም ተደርድሯል። ናሆም እያንዳንዱ ፊት ቆሞ እንደ ድሮው ቆጣሪ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ እያነበበም ራሱን ነቀነቀ።

«በእጅ የሚወጋ የለም?» አለ።

ብሌን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ መጨረሻው መደርደሪያ ወሰደችው። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት የመስታወት ብልቃጥና አንድ ፓኬት ቀጫጭን መርፌ ተቀምጧል።

«ይኼ ነው፤ አልተከለከለም። የሚጠይቅ ስለሌለ እንጂ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት ሳያዛንፉ። መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይውጉት። ብልቃጡን አይነቅንቁት፤ በመዳፍዎ ያንከባሉት። የማጅራቱን ቆዳ ሳብ አድርገው ነው። ድንገት ከተንቀጠቀጠና ከተዝለፈለፈ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፣ ድዱን ማር ይቀቡት። እጅዎ ይንቀጠቀጣል?»

«ብርቱካን ላይ ስለማመድ ሰነበትኩ» አለ ናሆም። ውሸቱን አልነበረም፤ ከማክሰኞ ወዲህ ከእናቱ በቀረ አሮጌ መርፌ እየወጋው ፍሪጁ ውስጥ ያለው ብርቱካን ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል።

ብሌን ሳቀች። «አባቴም እንዲሁ ነበር የሚወጋው፣ ያኔ እኔ ትንሽ ሆኜ። በሉ፣ ብልቃጡ ፊት ይቁሙና ይሁን ይበሉ። በቃ።»

አንድ ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር። ያን ቃል ለማለት አፉን ሲከፍት ይቅርብኝ ከእጁ ሾለከ።

ከብልቃጡ መደርደሪያ ጀርባ ዝቅ ያለ መድረክ ላይ አሥራ ሁለት ውሾች ቆመዋል፤ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። አሥራ ሁለቱም ልጓም አድርገው ወደ ፊት ያያሉ። ይቅርብኝ በጭላንጭሉ አይቷቸው ኖሮ ጭራውን እየቆላ ሄደ። አንዱን አሸተተ፣ ከኋላው ዞሮ አሸተተ፣ ቀጥሎ ያለውን አሸተተ። የዞረ የለም፤ ጆሮውን ያነቃነቀ የለም። እስከ ስድስተኛው ድረስ እንዲህ ሄደ። ከዚያ ጭራው ወረደ። አንዴ ጮኸ፣ ድምፁም በዚያ ሁሉ ነጭ ግድግዳ ላይ አስተጋባ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የማያውቀውን ነገር እንደሰማ ዞሮ አየ። ውሾቹ ግን አላዩም። ይቅርብኝ ያኔ በድንጋጤ ተፈተለከ። የፊት ለፊቱ በር መንገደኛ ስለገባበት ተከፍቷል፤ ከበሩ ውጭ መኪኖቹ ድምፅ ሳያሰሙ የሚበሩበት ጎዳና ነው፣ ውሻው ደግሞ አጥርቶ አያይም።

«ይቅርብኝ!» አለ ናሆም።

ሀሴት እጇን ወደ አፉ ሰደደች፤ አልደረሰችም።

«ይቅርብኝ! ይቅርብኝ!»

ውሻው በሩ አፍ ላይ ቆመ። ዞረ። ድምፁን ተከትሎ፣ ሁለት ጊዜ ከሰው እግር ጋር እየተጋጨ፣ መጥቶ ናሆም ጫማ ላይ ወደቀ። ናሆም ተንበርክኮ አቀፈው፤ ልቡ በጎድኑ ሥር ሲመታ ይሰማዋል። ቀና ሲል አዳራሹ ጨልሟል። መብራቱ የጠፋው እሱ ባለበት በኩል ብቻ ነው፤ የብልቃጡ መደርደሪያ፣ ቀጥሎ ሳህኖቹ፣ ቀጥሎ ተለጣፊዎቹ፣ አንድ በአንድ። በመጨረሻም የልጓሙ ብርሃን ጠፋ።

«ጋሼ» አለች ብሌን። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን አሉ?»

«ውሻዬን ጠራሁ።»

«ሦስት ጊዜ ብለዋል። ሁሉንም ነው የተዉት። ሕክምናውን የተወ ውሻውንም ተወ ማለት ነው።»

«ስሙ ነው እኮ! ስሙ ነው!»

ከብሌን ደረት ላይ ሰሚው በትሕትና ተናገረ፤ «እምቢታዎ ተመዝግቧል። ስለ ቆይታዎ እናመሰግናለን።» ወዲያው ግራጫ ጋዋን የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አልተቆጡም፣ አልገፈተሩም። አንደኛው እንዲያውም ውሻውን ሲያነሳ «አይዞህ» ብሎታል። ማስታመሚያ ወደሚባለው ቤት ወሰዱት። ናሆም ይግባኝ ለማለት ሦስት ቀን ተሰጠው፤ እነዚያን ሦስት ቀናት ምን እንደበላ አያስታውስም። ሀሴት ምግብ እያመጣች ታስቀምጥለትና ሳህኑን እንዳለ ትመልሰው ነበር፤ አንዴም አልተቆጣችውም፤ ናሆምን ያስፈራው ይኸው አለመቆጣቷ ነው።

እሑድ ረፋድ ላይ ይግባኝ ሰሚው ቢሮ ገቡ። ባለሥልጣኑ አቶ ኖላዊ የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። ከልቡ ለመረዳት ይጥራል፤ ችግሩ ተወልዶ ያደገው ውሻ ሁሉ ቡቺ በሚባልበት ሰፈር መሆኑ ነው።

«አልገባኝም» አለ። «ስም ነው ወይስ አባባል?»

«ሁለቱም ነው» አለ ናሆም። «ውሻ ስም የሚወጣለት ለሰው ነው። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ይናገራል።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

«ለኔ» አለች ሀሴት። ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጣሪያ ከልክዬው ነው። እኔም ማን ለመነህ ብዬ መለስኩለት። ጌታዬ፣ እኔና እሱ አራት ዓመት የተሰዳደብነው በውሻ ነው። አሁን ሰሚያችሁ መጥቶ ስድባችንን ውል አደረገብን።»

ኖላዊ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ አዝራር አየት አደረገ። «ማረጋገጫው አንድ ነው» አለ። «ስም ከሆነ ይመጣል። አባባል ከሆነ አይመጣም።»

ውሻውን አስገቡት። ታጥቦ ጸጉሩ ተበጥሯል፣ አንገቱ ላይ ግራጫ ልጓም አለ። ወደ ክፍሉ ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ፤ ሰዓቱ ግን አራት ተኩል ነበር። ኖላዊ ልጓሙ እንዲፈታለት አዘዘ። ከፈቱት በኋላ ውስጡ ያለው መድኃኒት እስኪለቀው ይጠበቅ ተባለና አንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ተቀመጡ። ናሆም የውሻውን ጀርባ ብቻ ያይ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ የግራ ጆሮው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ይጥሩት» አለ ኖላዊ። «አንዴ ብቻ።»

ናሆም ወደ ጥጉ ጎንበስ ብሎ ጠራ።

«ይቅርብኝ።»

ውሻው አልዞረም። ሀሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ከጥጉ አንድ ትንሽ የማልቀስ ዓይነት ድምፅ መጣ። ውሻው ዞረ፣ ተንገዳገደ፣ የኖላዊን ጠረጴዛ እግር በግንባሩ መታው፣ ዞሮ አለፈውና እየሮጠ መጣ። ናሆም እንደ ልጅ አለቀሰ። ኖላዊ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ውሳኔውን ሰሚው ራሱ አነበበው። «ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ የሚለው ቃል ከአቶ ናሆም አፍ ሲወጣ የውሻ ጥሪ ነው፤ እምቢታ አይደለም። ይስማማሉ?»

«ይሁን!» አለ ናሆም። «ይሁን እንጂ! ሺህ ጊዜ ይሁን!»

ብልቃጡንና መርፌውን ያንኑ ዕለት ወሰደ፤ ብሌን በሁለት እጇ ነው የሰጠችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሀሴት ሊፍት ውስጥ «እንግዲህ ከአሁን በኋላ ሰው ሲጋብዝህ በምን ልትግደረደር ነው?» ብላ ቀለደችበት፤ ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ቀናት ናሆም በሕይወቱ ካያቸው የደስታ ቀናት የሚቆጠሩ ናቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ሕንጻው ውስጥ አርባ ሁለት ውሾች ግድግዳ ያያሉ፤ የእሱ ውሻ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሳህኑን ይልሳል። ናሆም ብልቃጡን በመዳፉ ያንከባልላል፣ ማጅራቱን ሳብ ያደርጋል፣ ይወጋል። መጀመሪያ ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስተኛው ቀን አልተንቀጠቀጠም። ጆሮውን በመርፌ ነካ አድርጎ ያወጣትን አንዲት ጠብታ ደም በስኳር መለኪያ እያየ ቁጥሩን በወረቀት ይጽፋል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። ውሃ መጠጣቱ ቀነሰ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ርግብ መስኮቱ ላይ ሲያርፍ ክንፉን ሰምቶ ኖሮ ይቅርብኝ ጮኸ፣ ደጋግሞ፣ በሙሉ ድምፁ። ከጎረቤት ግድግዳው ተንኳኳ። ሀሴት ናት፤ ዝም በል ማለቷ አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመርፌው በኋላ፣ በሩ ተደወለ። ብሌን ናት። እጇ ላይ አንድ ነጭ ሳጥን አለ፣ ደረቷ ላይ ሰማያዊው አዝራር ይበራል።

«ደህና አደሩ ጋሼ? እንዴት ሆነላችሁ?»

«ጮኸ! ትናንት ጮኸ!»

«እሰይ!» አለች ከልቧ። «አላስቸግርዎትም፣ ለደንቡ ነው የመጣሁት። ዝቅተኛውን ዕቃ ለመረጠ ሰው በሳምንቱ ከፍተኛውን እናቀርባለን። ልጓሙ ነው። እምቢ ይበሉኝና ልመለስ።»

«እምቢ!» አለ ናሆም እየሳቀ።

«እሱን አይመዘግብልኝም። ቃሉን ይበሉት፣ ሦስቴ።»

«ይቅርብኝ» አለ።

ሰሚው አንዴ ብልጭ አለ። «ውሻው ተጠርቷል» አለ።

ከወጥ ቤት በኩል የውሻ ጥፍር ወለሉን ሲቧጥጥ ተሰማ።

«አይሆንም» አለ ናሆም። «አልፈልግም። አልቀበልም አልኩ እኮ! ልጄ፣ ንገሪው!»

«እኔ ሰምቼዎታለሁ ጋሼ» አለች ብሌን። «እኔ ብሰማ ምን ዋጋ አለው? ዝም እንዳይሉ ብቻ። ዝም ካሉ እሺ ነው። በሩንም አይዝጉት፣ ከዘጉት እነዚያ ሰዎች ናቸው የሚመጡት፤ ከዚያ ወዲያ አይመልሱትም።»

ሰማያዊው አዝራር በቀስታ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ለመልስ የተሰጠው ጊዜ እያለቀ ነው። ናሆምን ንዴት አፉን ሞላው፤ ከንዴቱ ጋርም ዕድሜ ልኩን ሲናደድ የሚለው ቃል ወጣ።

«ይቅርብኝ ብያለሁ!»

«ውሻው እየመጣ ነው» አለ ሰሚው። «እናመሰግናለን።»

ይቅርብኝ ከወጥ ቤቱ ብቅ አለ። በጠዋቱ ብርሃን ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። ድምፁን የሰማው ከዚህ በኩል መሆኑን አውቋል፣ ግን ኮሪደሩ ውስጥ የሰው ሽታ በዝቶበት አቅጣጫው ጠፋው። የበሩን መቃን በትከሻው መታው። ቆመ። አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረ። ናሆም ትንፋሹን ውጦ ቆመ፤ እጁን በአፉ ላይ አድርጓል። ውሻው ጌታው እንዳለ ያውቃል፣ የት እንዳለ ግን አያውቅም፤ ማልቀስ ጀመረ። አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው በኩል ሄደ፤ ደረጃው ክፍት ነው፣ አሥራ አራት ፎቅ ነው። ብሌን ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ በማያውቀው እጅ ደንግጦ አሁንም ወደ ደረጃው አፈገፈገ።

ናሆም እጁን ከአፉ ላይ አወረደ።

«ይቅርብኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ እንዲያገኘው።

ውሻው አገኘው። ጭራውን እየቆላ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ተደገፈ፣ አንገቱንም እንዲታሽለት ቀና አደረገ። ሰማያዊው አዝራር ብልጭ ድርግም ማለቱን አቆመ፤ ብሌን እያለቀሰች ሳጥኑን ከፈተች።